ቤት ቀቢው አሳታሚና የእኛ ዲቪ

እንኳን ደህና መጣችሁ ወገኖቼ! ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

የማወራላችሁ ስለ አንድ የአየርላንድ ሰው ነው። ናይል ኦዳውድ ይባላል፣ መጽሔት አሳታሚ ነው። በ1953 ቲፐራሪ ውስጥ ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። በሃያዎቹ ዕድሜው አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ ቤት ይቀባ ነበር። እዚያው በ1979 ለአገሩ ልጆች ጋዜጣ ጀመረ። በ1985 ደግሞ ኒውዮርክ ሄዶ ከፓትሪሺያ ሃርቲ ጋር "አይሪሽ አሜሪካ" የተባለውን መጽሔት መሠረተ። የተሳካላቸውን የአየርላንድ ልጆች የሚያሳይ፣ የሚያምር መጽሔት ነው።

እኔን የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ያኔ አየርላንድ ሥራ ጠፍቶ ወጣቱ በቱሪስት ቪዛ እየመጣ እዚያው ይቀር ነበር። ግንባታ ላይ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ ልጅ ጥበቃ ላይ ይሠራሉ፣ ወረቀት ግን የላቸውም። የ1965ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ቅድሚያ የሚሰጠው በአብዛኛው የቅርብ ዘመድ አሜሪካ ላለው ስለነበር ለእነሱ በሩ ተዘግቷል። ኦዳውድ በ1987 "አይሪሽ ቮይስ" የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ የጀመረው ለእነዚህ ልጆች ነው፤ የወረቀታቸውን ጉዳይ የራሱ ጉዳይ አደረገው።

ከዚያ የ1990ው የስደተኞች ሕግ መጣ። ኦዳውድ ብቻውን አላመጣውም፤ ራሳቸው ስደተኞቹ ተደራጅተው ታግለዋል፣ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ እንደ ብሩስ ሞሪሰን ያሉ ሰዎች ገፍተውታል። በሕጉ መሠረት ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ ተመደበ፣ ከእነዚህ ቪዛዎች 40 በመቶው ለአየርላንድ ነበር። ከ1995 ጀምሮ በቦታው የገባው ዛሬ እኛ ዲቪ የምንለው ነው።

አዎ፣ የእኛው ዲቪ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ የመጣን ብዙ ነን። እኔ ፎቶዬን በስቴፕለር ሳይሆን በፕላስተር ለጥፌ፣ ፖስታው ላይ ስሜን በጥንቃቄ ጽፌ፣ ፖስታ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ስከት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ በር እንዲከፈት ወረቀት የሌላቸው የአየርላንድ ልጆች ደጅ መጥናታቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ሳውቅ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ሰውየው በዚህ አላቆመም። በ1994 መጀመሪያ፣ ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ እንድትላቀቅ የሚታገለው የሺን ፌን ፓርቲ መሪ ጄሪ አዳምስ የ48 ሰዓት የአሜሪካ ቪዛ ሲያገኝ ከኋላ ሆነው ካመቻቹት አንዱ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ለዚያው ዓላማ መሣሪያ ያነሳው ቡድን አይአርኤ ተኩስ አቆመ።

ወደ ራሳችን ማኅበር መጽሔት ልምጣ። በዓመት አንዴ እናወጣለን፤ የግብዣ ፎቶ አለው፣ የእንኳን ደስ ያላችሁ ማስታወቂያ አለው። ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ግን ባለፈው እትም ወርክ ፐርሚት እንዴት እንደሚታደስ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረም። አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀች እህታችን ከጠበቃ ጋር ስትፈራረም ምን መጠየቅ እንዳለባት አንድ መስመር አልጻፍንም። ይህ ያሳስበኛል፣ ኃላፊነቱም የቦርዱና የእኔ ነው።

መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ዘንድሮ ያስቸገራችሁን የወረቀት ጉዳይ፣ ስማችሁን ሳትጽፉ፣ ጻፉና ካርቶኑ ውስጥ ጣሉልን። ከምሳ በፊት ሰብስበን ለአዘጋጆቹ እንሰጣለን። አሁን ሂሳብ ሹማችን ወደ መድረክ ይምጡልን።