ዩኒቨርሲቲ የመጠጥ ሻጭ መሆን የለበትም

በሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም ከየትምህርት ቤታችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው አንድ ዩኒቨርሲቲ በገዛ ስታዲየሙ፣ የገዛ ተማሪዎቹ በሚጫወቱበት የፉትቦል ሜዳ (የእግር ኳሱ ሳይሆን ሞላላ ኳስ በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ)፣ ለተመልካች ቢራ መሸጥ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ስለሚለው ጉዳይ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ አይገባውም። ይህን የምለው መጠጥን ከመጥላት ተነሥቼ አይደለም። ብዙዎቻችን ለፋሲካ ጠላ በሚጠመቅበት፣ ለሠርግ ጠጅ በሚጣልበት ቤት አድገናል። ሃይማኖታቸው መጠጥን የሚከለክል ወገኖቻችንም እዚህ አሉ፤ እነሱም ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደዚያው ግቢ ነው። ዕድሜው የደረሰ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሻጩ ጋር ነው።

የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ብዙዎቻችሁ ልጃችሁን ከማደሪያው አድርሳችሁ ከመመለስ በቀር ግቢውን በጨዋታ ቀን አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ቅዳሜዎች ቡድኑ በሜዳው የሚጫወተው ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል ነው። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሰዉ ከማለዳው ጀምሮ መኪናውን አሰልፎ፣ ሥጋ እየጠበሰ፣ ሳጥን ሙሉ ቢራ በበረዶ ቀብሮ በመኪና ማቆሚያው ይደግሳል። ቴይልጌት ይሉታል። የቀድሞ ተማሪ ከጓደኛው ጋር የሚተቃቀፍበት፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ቆሞ የሚበላበት ደስ የሚል ድግስ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የ18 ዓመት ልጅ በእጁ የያዘው ኩባያ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ እዚያ ብዙ አይገኝም። ስታዲየሙ በር ላይ ሲደርስ ቀኑ ከተጋመሰ ቆይቷል፤ መጠጡም እንደዚያው።

ለረጅም ዘመን በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች መጠጡ ከበሩ ውጭ ይቀር ነበር። በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2011 መሸጥ ጀመረ። የእኛው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ተከተለ፤ ጥያቄውን ያቀረቡት የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች እንደነበሩ ልብ በሉ። ኦሃዮ ስቴት በ2016 ለመላው ስታዲየም ፈቀደ። በ2019 ጸደይ ደግሞ በፉትቦል ፍቅሩ የታወቀው፣ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት የሚወዳደሩበት ማኅበር የሆነው የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ለአሥርተ ዓመታት ያጸናውን ክልከላ አንሥቶ ውሳኔውን ለየዩኒቨርሲቲው ተወ። ፔን ስቴት በ2022 ገባበት። ከ107 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የሚሺጋን ስታዲየም፣ የግዛቱ ሕግ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2024 ተጨመረ። በአሥራ ጥቂት ዓመት ውስጥ ክልክሉ ልማድ ሆነ። ይህን ያህል በፍጥነት የተለወጠ ነገር ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሽያጩ ደጋፊዎች አስቀድመው የሚጠሩት ምስክር ዌስት ቨርጂኒያን ነው፤ ምስክርነቱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሞርገንታውን በሚገኘው ስታዲየም ድሮ ተመልካቹ በጨዋታው እረፍት ወጥቶ ወደ መኪናው ሄዶ እንደገና መግባት ይችል ነበር። ሰዉ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጠንካራውን መጠጥ በጥድፊያ ይገለብጥና ይመለሳል። በ2011፣ ኦሊቨር ላክ የስፖርት ዳይሬክተር በነበሩበት ጊዜ፣ ቢራ በውስጥ እንዲሸጥ ሲፈቀድ በዚያው ውሳኔ ወጥቶ መመለስ ቀረ። በዚያ ዓመት ከመጠጥ ጋር የተያያዙት የፖሊስ ጉዳዮች ቀነሱ። "ያውላችሁ፤ ቢራ ብንሸጥ ሰላም ሆነ" ተባለ።

እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ማየት እወዳለሁ። በዚያ ዓመት የተደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሩ ተዘጋ፣ ቢራው ተከፈተ። ሰካራሙን የቀነሰው የትኛው ነው? በእረፍት ሰዓት ወደ መኪናው ሮጦ ውስኪ የሚጨልጠውን ሰው ያስቀረው የበሩ መዘጋት ነው። በር ለመዝጋት ደግሞ የቢራ ፈቃድ አያስፈልግም። "ቢራ ካልሰጠነው ተመልካቹ በሩ ሲዘጋበት ያኮርፋል" የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እንግዲያው እውነቱ ይነገር፤ ቢራው የገባው ተመልካቹን ለማባበያ ነው። ማባበያን የጤና ጥበቃ እርምጃ አድርጎ ለወላጅ ማቅረብ ግን ተገቢ አይደለም።

ሌላው ምስክር ደግሞ እምብዛም አይጠራም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በፎልሰም ሜዳ ቢራ ይሸጥ ነበር፤ በ1996 አገደው። ሁለት ተመራማሪዎች እገዳውን ተከትለው ያጠኑትን በ2001 አሳተሙ። ከስታዲየም የሚባረሩት፣ የሚታሰሩት፣ የድብደባ ጉዳዮቹና ለዲሲፕሊን የሚቀርቡት ተማሪዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ የመዘነው የቢራውን መቅረት ነው። ሁለቱን ምስክሮች አጠገብ ለአጠገብ ስታቆሟቸው የሚናገሩት አንድ ነው፤ መጠጥ የሚገኝበት መንገድ ሲጠብ ችግሩ ይጠባል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፤ ልጆች ስላላችሁ ቃሌን እመርጣለሁ። የጨዋታ ቀን በስታዲየሙ አጥር ውስጥ አያበቃም። ሪስና ሽኔፐል የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የኮሌጅ ቡድን በሜዳው በሚጫወትበት ቀን በዚያ ከተማ የድብደባ ክስ በ9 በመቶ፣ ጠጥቶ በማሽከርከር የሚታሰረው ደግሞ በ13 በመቶ ይጨምራል። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ከዚህ የባሰውን ተመለከተ። ትልልቅ የፉትቦል ቡድኖች ባሏቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጨዋታ ቀን ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 24 የሆኑ ወጣቶች ተደፈርን ብለው ለፖሊስ የሚያመለክቱት ቁጥር በ28 በመቶ ያድጋል፤ ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት በ41 በመቶ። ይህ ሁሉ ስታዲየም ውስጥ ከተሸጠ ቢራ መጣ አልልም፤ ውሸት ይሆንብኛል። አብዛኛው የሚመጣው ከመኪና ማቆሚያው ድግስና ከሌሊቱ ጭፈራ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን፣ ዩኒቨርሲቲው ይህን ቀን እያወቀ፣ በእጁ ያለውን ጥናት እያነበበ፣ በዚያው ቀን ላይ የራሱን መሸጫ መጨመሩ ነው። የአገሪቱ የአልኮል ጥናት ተቋም ከ18 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 1,500 ያህል የኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ ከአልኮል ጋር በተያያዘ አደጋ እንደሚሞቱ ይገምታል። እነዚህ የሰው ልጆች ናቸው።

ከመካከላችሁ በዋሽንግተንና በአካባቢው የመጠጥ መደብር ያላችሁ፣ በነዳጅ ማደያ ሱቅ የምትሠሩ አላችሁ። ከእናንተ በላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ የለም። ወጣት መሳይ ሲገባ መታወቂያውን ተቀብላችሁ የልደት ቀኑን ታነብባላችሁ፤ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ታስተያያላችሁ፤ ከተጠራጠራችሁ ትመልሱታላችሁ። አንድ ጠርሙስ ለ20 ዓመት ልጅ ብትሸጡ ተቀጣችሁ፤ ከደገማችሁ እንጀራችሁ የተመሠረተበት ፈቃድ አደጋ ላይ ወደቀ። የሰከረ ሰው ሲመጣም "አልሸጥልህም" ማለት ግዴታችሁ ነው፤ ስድቡን ችላችሁ ትሉታላችሁ። ይህን ሁሉ የምታደርጉት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ቆሞ ነው።

አሁን በእረፍት ሰዓት በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ በሚጮህበት መስኮት፣ ለዚያ ቀን ብቻ የቆመ ሠራተኛ አስቡ። በ2008 የታተመ ጥናት በፕሮፌሽናል ስፖርት ስታዲየሞች ያለውን ፈትሿል። ዕድሜያቸው ያልደረሰ የሚመስሉ ገዢዎች ካደረጉት ሙከራ 18 በመቶው፣ በግልጽ የሰከሩ መስለው ከቀረቡት ደግሞ 74 በመቶው ተሸጠላቸው። ከአራት ሰካራሞች ለሦስቱ ማለት ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ የሸጠ ባለ መደብር ቢኖር በማግሥቱ በሩ ይታሸግ ነበር። የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ሲፈቅድ ያወጣቸው ደንቦች ደህና ናቸው፤ በመቀመጫ መካከል እየዞሩ መሸጥ የለም፣ በእያንዳንዱ ግዢ መታወቂያ ይታያል፣ ቢራና ወይን ብቻ፣ ከጨዋታው አራት ክፍሎች ሦስተኛው ሲያልቅ ሽያጩ ይዘጋል። ግን የሚያስፈጽማቸው ያው የተጨናነቀ መስኮት ነው።

በ1999 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ተመልካች ከፕሮፌሽናል ፉትቦል ጨዋታ ሲመለስ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ጠጥቶ መኪና እየነዳ፣ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። በዚያ መኪና የነበረች የሁለት ዓመት ሕፃን አንገቷ ተጎድቶ ሽባ ሆነች። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አይሸጥም የሚል ደንብ እዚያም ነበረ። ፍርድ ቤቱ ለዓመታት ተከራከረበት። ልጅቷን ግን ማንም ወደ እግሯ አልመለሳትም።

ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ነገሩ ያረፈው እዚያ ነውና። ኦሃዮ ስቴት በመጀመሪያው ዓመት ከሽያጩ ያገኘው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ነው። የስፖርት ክፍሉ ዓመታዊ ገቢ ግን ያኔውኑ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ይበልጥ ነበር፤ የቢራው ድርሻ ከአንድ መቶኛ አይሞላም። ያለዚህ ገንዘብ ቡድኑ አይፈርስም፣ ስታዲየሙ አይዘጋም። የሚለወጠው የዩኒቨርሲቲው አቋም ነው። አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ገብቶ በአራት ዓመት ቢመረቅ፣ ከቆይታው ብዙውን ጊዜ መጠጥ መግዛት በሕግ አይፈቀድለትም። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 የፈረሙት ሕግ የመግዣውን ዕድሜ 21 ላላደረገ ግዛት የመንገድ ገንዘቡን የሚቀንስ ነበር፤ አገራችን ኢትዮጵያም በ2019 በወጣው አዋጅ ይህንኑ ዕድሜ ወስናለች። እንግዲህ ተማሪው በመጀመሪያ ሳምንት ስለ መጠጥ አደጋ ትምህርት ይሰጠዋል፤ በማደሪያው ቢራ ቢገኝበት ይቀጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ ያው ቀጪው ቢራውን ራሱ ይሸጣል። መካሪም ቀጪም ሻጭም በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ልጁ የትኛውን ይስማ?

ስለ ፍትሕ የሚነሣው ጥያቄ ግን ትክክል ነው፤ ተቃዋሚ ብሆንም እቀበለዋለሁ። ክልከላው ጸንቶ በነበረበት ዘመን እንኳ በብዙ ስታዲየሞች ውድ ኪራይ የከፈሉት በልዩ ክፍላቸው ሆነው መጠጣቸው ይቀዳላቸው ነበር። ለባለ ገንዘቡ የተፈቀደ፣ ለተራው ተመልካች የተከለከለ! ይህ አሳፋሪ ነበር። መድኃኒቱ ግን ልዩ ክፍሉንም እንደ ሌላው ማድረግ ነበር እንጂ የሀብታሙን ጠርሙስ ለሁሉም ማዳረስ አልነበረም።

ሽያጩ ነገ ይቆማል ብዬ አልሰብካችሁም። እስኪቆም ድረስ ግን የምንጠይቀው አለ። ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል አቅራቢያ ያለው መሸጫ ይዘጋ። በእረፍት ሰዓት ወጥቶ መመለስ አይፈቀድ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለስፖርት ክፍሉ መሆኑ ቀርቶ በሙሉ ለተማሪዎች ሕክምናና ምክር አገልግሎት ይዋል፤ ያን ጊዜ ቢያንስ አሰልጣኝ ለመቅጠር ሲባል መሸጫ አይጨመርም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ስንት ሰው እንደታሰረ፣ ስንት ሰው በአምቡላንስ እንደተወሰደ በይፋ ይገለጽ። እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች አይደሉም።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። "የእኔ ልጅ አይጠጣም" ብላችሁ ጉዳዩን አትዝጉት። ብዙዎቻችን ስለ ውጤት እንጠይቃለን፣ ስለ ኪራይ እንጠይቃለን፤ ስለ ቅዳሜ አንጠይቅም። ልጆቻችንም ከእኛ ቁጣ እንጂ ጥያቄ ስለማይጠብቁ ዝም ይላሉ። ጓደኛው ራሱን ስቶ ወድቆ ሳለ "ወላጆቼ ከሰሙ" ብሎ አምቡላንስ ለመጥራት የሚፈራ ልጅ እንዳይኖረን፣ ዛሬ ማታ ንገሯቸው፤ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ 911 ይደውሉ፣ ቀጥሎ ለእናንተ ይደውሉ፣ ቁጣችሁ ይቆይ።

በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጠጥ ሽያጩን የፈቀደው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የመጠጥ ፈቃድ ቦርድ ነው። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቦርዱም ነዋሪን የሚሰማበት ስብሰባ አለው። ባለ መደብሮቻችን መንገዱን ያውቁታል፤ በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው ተራቸውን ጠብቀው ያውቃሉና ይምሩን። ለቦርዱ የምንልከው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንብቡት፤ የማትስማሙበት ዐረፍተ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን። የተስማማችሁ ፈርሙ። በካውንቲው የምትኖሩ አድራሻችሁን መጻፍ እንዳትረሱ።

አመሰግናለሁ።