ልጄ የሚወደውን ያሳየኝ ራሱ ነው

እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከኮምቦልቻም ከሀይቅም በዚህ ብርድ ደሴ ድረስ የመጣችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ ጌታ ያክብርልኝ። ልጅን ለሰው አደራ ብሎ ሁለት ሰዓት መውጣት ለኛ ለኦቲዝም ልጆች ወላጆች ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

እኔ ዶክተርም ቴራፒስትም አይደለሁም፣ የ9 አመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ በቃል አይናገርም። እስከ 4 አመቱ "አብሽሪ፣ ወንድ ልጅ አፉን ሚፈታው ዘግይቶ ነው" እየተባልኩ ቆየሁ። ዱበርቲዎቹ እናቶች ዱአ አደረጉልን፣ ጎረቤቴም ጠበል አመጣችልኝ፣ ወሎ አይደል። ዱአውን ዛሬም አልተውኩም። ዛሬ ማወራችሁ ግን ስለዛ ረጅም ቀን ነው፣ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ልጁ ምን እያደረገ ይዋል ሚለው።

መጀመሪያ ላይ ዩትዩብ ላይ ያየሁትን ሁሉ እገዛ ነበር፣ ፐዝል፣ ሚደረደር ቀለበት፣ ሚዘፍን መኪና። መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል፣ እኔ ደግሞ ነጥቄው "እንዲህ ነው ሚነዳው" ስለው ይጮሃል እጁን ይነክሳል። በቃ ይሄ ልጅ መጫወት አይችልም አልኩ። እየተጫወተ ነበረ እኮ! ጨዋታውን የቀማሁት እኔ ነኝ፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ሰፌድ ይዤ ምስር ስለቅም መጣና እጁን እስከ አንጓው ከተተው። ከዛ እያፈሰ ከላይ ያፈስሰዋል፣ ጆሮውን ወደ ሰፌዱ አዘንብሎ ድምፁን ይሰማል። ልቆጣው ነበር፣ ተውኩት። እኔም አፍሼ እንደሱ አፈሰስኩ፣ ምንም ሳልናገር። ትንሽ ቆየና እጄን ይዞ ምስሩ ውስጥ መልሶ ከተተው። ድገሚ ማለቱ ነው። በ5 አመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ጋር ያወራው ያን ቀን ነው ብዬ ነው ማምነው።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ድምፅ፣ ብርሃን፣ መነካት ወይ በጣም ይበዛባቸዋል ወይ ያንሳቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ የታደሰው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች (ሳይካትሪስቶች) መመሪያም ይሄን ከኦቲዝም ምልክቶች ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ሌላ መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ሶስት ቀን ዝም ብላችሁ እዩት፣ ምን ይነካል፣ ምን ያሸታል፣ ከምን ይሸሻል፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። የኔ ልጅ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮውን ይዞ አልጋ ስር ይገባል፣ አንዴ ጋቢዬን ጎትቶ ለበሰውና ተረጋጋ። አሁን ፊቱን ገልጠን ጠበቅ አርገን እንጠቀልለዋለን፣ ወይ እኔና አባቱ ጋቢውን በሁለት ጫፍ ይዘን እናወዛውዘዋለን። መሀል ላይ አቆምና በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ። ያየኛል ወይ ጋቢውን ይስባል፣ ያኔ "እንደገና!" ብዬ እቀጥላለሁ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ ያቺ ዝምታ የሱ ተራ ናት።

ሌላውም ከቤት አይጠፋም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ በኩባያ መገልበጥ፣ በግማሽ የተሞላች ባለ 3 ሊትር ጄሪካን ከበር እስከ ጓዳ ማመላለስ። ቡና ሲቆላ ሽታውን ይወዳል፣ ሲወቀጥ ግን ያመዋል፣ ስለዚህ ውጪ ነው ምወቅጠው። አደራ ግን፣ ምስርም ሽምብራም አፍንጫና አፍ ውስጥ ይገባል፣ ከአጠገቡ አትራቁ፣ ውሃ ካለ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ጥላችሁት አትሂዱ።

የሰፌዱን፣ የጋቢውን፣ የሳፋውን ፎቶ በስልክ አንስቼ ፎቶ ቤት አሳጠብኩና በሱ ቁመት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሲፈልግ ነቅሎ ይሰጠኛል። አንዳንዶቻችሁ ስዕል ከለመደ አይናገርም ብላችሁ ትፈራላችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ ጥናቶች ግን ንግግርን አያዘገይም ነው ሚሉት።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ በ2002 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች፣ እንደኛው። እዚህ ማዕከል እስኪከፈትልን ልጆቻችን ቁጭ ብለው አይጠብቁም፣ በየቀኑ እያደጉ ነው።

እኔን እስካሁን ያቃተኝ ፀጉር ማስቆረጥ ነው። የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ያብዳል፣ በመቀስ ሞከርኩ፣ ተኝቶ ሳለም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ከመሀላችሁ የተሳካለት ካለ ሻይ ላይ ይንገረኝ፣ እኔ እዚህ በሩ ጋር ነኝ።