አያቴ ጭሰኛ ነበር በሉ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአርሲ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የካቲት 25 ነው። በ1967 ዓ.ም. በዚህ ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉትን ተማሪዎች በየዓመቱ እናነሳለን። ይገባቸዋል። አራሹን ግን ማን ጠየቀው?

እዚህ ጭላሎ ተራራ ግርጌ አንዲት እናት አሉ። ስለ ድሮው ስጠይቃቸው ዝም አሉኝ። ቆይተው ጓዳ ገቡና ቁና ይዘው ወጡ። ገብስ ሰፌድ ላይ አፈሰሱ። ቁናውን እንደ አሥር ቁና ቁጠረው ብለው በእፍኝ ይሰፍሩልኝ ጀመር።

«ካሥሩ አንዱ አሥራት ነው» አሉና አንዷን እፍኝ ወደ ጎን አደረጉ። «ከዘጠኙ ሲሶው የጌታው ነው።» ሦስት አነሱ። ስድስት ቀረ። የተበደሩትን ዘር ከዚያው ላይ ቀነሱ። «በሬውም የጌታው ከሆነ ሲሶ የለም፤ እኩል ነው። ወኪሉ አውድማው ዳር ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ልጆቼ ደግሞ ወኪሉን ያያሉ።» ለመሬቱ መማለጃ፣ ለበዓል ሙክት፣ ቅቤ፣ ማር ገና አልተነሳም። ሲጨርሱ ከሰፌዱ የወደቀችውን ገብስ አንድ በአንድ ለቀሟት።

ይህን ጊዜ ልጃቸው ገባ። «እማዬ፣ ተይ እንጂ! በሰው ፊት ጭሰኛ ነበርን ትያለሽ?» አላቸው። እሳቸውም ቁናውን አንስተው ገቡ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ወገኖቼ፣ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ያረሰ ሰው ነው የሚያፍረው? ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይህን አገር ያበላ ሰው? ባላባት ዘር ቆጥሮ ሲኮራ፣ ጭሰኛ አያቱን የሚደብቅበት ምክንያት የለም! አያቴ ጭሰኛ ነበር። በዚህ መድረክ ላይ ጮክ ብዬ እላለሁ!

የትራክተሩም ነገር አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ጭላሎ ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ሲመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ። ብዙ ባለመሬት ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ። ከተነሱት መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ።

ወረቀት ይነግረናል ብለንም አንጠብቅ። አንድ መሥሪያ ቤት ቀለም ሲቀባ የድሮ የግብር ደረሰኝ በጆንያ ዝናብ ላይ ተጥሎ አግኝቻለሁ። ሳነሳው እጄ ላይ ፈረሰ።

ስለዚህ ቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌ ዛሬ ማታ ጠይቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። ደብተሩንና መቅረጫውን እኔ እይዛለሁ። እናንተ ቁናውን አውጡ።