ቀድሞ የሄደው ማስታወቂያው ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚቃ ጋዜጠኞች፣ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች፤

ዛሬ የምንናገረው ስለ እንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦችና መጽሔቶች መዘጋት ነው። የእንግሊዙን የመረጥነው ለንደን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት በየሳምንቱ በርካታ የሙዚቃ ጋዜጦች ጎን ለጎን ይወጡ ስለነበር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሜሎዲ ሜከር» በ1926 ተመሠረተ። አንባቢው «ኤንኤምኢ» እያለ የሚጠራው «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» በ1952 መውጣት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም የሀገሪቱን የመጀመሪያ የነጠላ ዘፈኖች የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ አተመ። የቢትልስ ዝና በገነነበት በ1964 ሽያጩ በሳምንት ከ300 ሺህ ቅጂ አልፎ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን መዘጋቱ መጣ። «ሳውንድስ» በ1991 ተዘጋ፤ «ሜሎዲ ሜከር» በ2000 መጨረሻ ከተቀናቃኙ ከኤንኤምኢ ጋር ተዋሐደ፤ «ስማሽ ሂትስ» በ2006 ቆመ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ኢንተርኔት ላይ በነጻ በሚነበበው ጽሑፍ ላይ ያደርጋል። በእኛ እምነት ግን ጉዳቱ የጀመረው ከጀርባ ገጾች ነው። እነዚያ ገጾች በደቃቅ ፊደል «ጊታር ተጫዋች እንፈልጋለን»፣ «ከበሮ ይሸጣል» በሚሉ ጥቃቅን ማስታወቂያዎች የተሞሉ ነበሩ። በ1967 ሊበርቲ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኤንኤምኢ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ ኤልተን ጆንና የግጥም ጸሐፊው በርኒ ቶፒን ተገናኙ። በ1989 ዘፋኙ ብሬት አንደርሰን እዚያው ጋዜጣ ላይ ጊታሪስት ፈልጎ ባወጣው ማስታወቂያ በርናርድ በትለር መጣ፤ «ስዌድ» የተባለው ባንድም በሁለቱ ዝና አገኘ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ገቢ ያስገባል፤ አስነጋሪው ይከፍላል፣ ሥራ ፈላጊው ሙዚቀኛም አንድም ጽሑፍ ባያነብ እንኳ ጋዜጣውን ይገዛል። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ሁለቱም ገቢዎች አብረው ሄዱ።

ቀጥሎ የመጣው የማተሚያ ቤት ሒሳብ ነው። የጸሐፊው ክፍያ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ የማተሚያው ፕሌትና የማሽን ዝግጅቱ አሥር ሺህም ታተመ መቶ ሺህ ያው ነው። ለምሳሌ ይህ ወጪ 20 ሺህ ፓውንድ ቢሆን፣ 100 ሺህ ቅጂ ላይ ሲከፋፈል በቅጂ 20 ፔንስ ይደርሳል፤ 10 ሺህ ላይ ግን 2 ፓውንድ። በዚያ ላይ ተመላሽ አለ። ሱቁ ያልሸጠውን ይመልሳል እንጂ አይከፍልበትም፤ የወረቀቱ፣ የሕትመቱና የመጓጓዣው ኪሳራ የአሳታሚው ነው። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ለመታየት ደግሞ ከሚሸጠው በላይ ማተም ግድ ስለሚል፣ ሽያጭ በቀነሰ ቁጥር የተመላሹ ድርሻ ያድጋል።

አሳታሚው ያን ጊዜ ገጽ ይቀንሳል። ከማተሚያ የሚወጣው ወረቀት ታጥፎ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚሆን ግን ሁለት ገጽ ብቻ መቁረጥ አያዋጣም። አሥራ ስድስት ገጽ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው የትናንሽ ባንዶች ግምገማ ነው፤ ለዚያ ሲል የሚገዛው ታማኝ አንባቢም አብሮ ይወጣል። አሳዛኙ ስሕተት ይህ ነው።

ኤንኤምኢ መስከረም 2015 በነጻ መታደል ጀመረ፤ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ቅጂ በባቡር ጣቢያዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ተበተነ። አንባቢ ተገኘ፤ ነገር ግን የሽያጭ ገቢው ስለቀረ ሸክሙ በሙሉ ማስታወቂያ ላይ ወደቀ። መጋቢት 2018 አሳታሚው የሕትመት ወጪ መናርንና የማስታወቂያ ገበያ መክበድን ጠቅሶ ሳምንታዊውን ሕትመት አቆመ። በ1986 የተጀመረው ወርኃዊው «ኪው»ም በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ተዘጋ።

«ዘ ዋየር» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት ግን ዛሬም ይታተማል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ገዝተውታል፤ ዓመቱን አስቀድሞ በሚከፍል ደንበኛ ላይም ይተማመናል። ደንበኛው ሲታወቅ የሚታተመው ቁጥር ይታወቃል፣ ተመላሽም ይቀንሳል። የቆዩ እትሞቹንም ለደንበኞቹ በዲጂታል ከፍቷል።

በእኛ ሀገር ስለ ሙዚቃ የተጻፈው በአብዛኛው በጠቅላላ ጋዜጦችና መጽሔቶች የጥበብ ዓምድ ውስጥ ስለሆነ፣ አንድ መጽሔት ሲዘጋ የሙዚቃው መዝገብም አብሮ ይጠፋል። እጃችሁ ላይ ያለውን ጠብቁ። የጋዜጣ ወረቀት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል፤ ስለዚህ አስተኝታችሁ፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶን፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኑሩት። የዛገ የስቴፕል ሽቦ አትጎትቱ፤ መጽሔቱን መሐል ላይ ከፍታችሁ የታጠፉትን ጫፎች በቀጭን ስለት አቅኑና ከጀርባ አውጡት። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ስካን ስታደርጉ በቀለም፣ በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ ማስታወቂያዎቹን ጭምር ከሽፋን እስከ ሽፋን ይሁን። የፋይሉ ስም ላይ የመጽሔቱን ስም፣ የእትሙን ቁጥር፣ ገጹን፣ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ። አንዱን ቅጂ ከሕንፃው ውጭ አኑሩ። ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የአሳታሚው፣ የጸሐፊዎቹና የፎቶ አንሺዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስማቸውን ከየእትሙ አሁኑኑ መመዝገብ ጀምሩ፣ በሕይወት ያሉትን ራሳቸውን መጠየቅ ወራሾቻቸውን ከመፈለግ ይቀላልና።