ሌሊት የሠራ ሰው አለ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሰፈሬ ላወራ ነው። የለም አሁን፣ ቦታው ላይ አስፋልትና መጋዘን ነው ያለው።

ኮምቦልቻ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄድ ምሳ የበላባት ከተማ ናት። የሐረጎን ዳገት ከመውጣቱ በፊት መኪናው ትንሽ የተነፈሰባት። የደሴ ልጆችማ ሙቀቷንና ወባዋን እያነሱ ሲቀልዱብን ነው ያደጉት፣ እኛ ደግሞ ደሴ በወጣን ቁጥር ሹራብ መልበሳችንን አንወድም ነበር። ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ሥጋው፣ ብረታ ብረቱ፣ ኋላ ደግሞ ቢራው። ፋብሪካ ካለ ሠራተኛ ይኖራል፣ ሠራተኛ ደግሞ የሆነ ቦታ ማደር አለበት። እኛ እዚያ ማደሪያ ውስጥ ነው የተወለድነው።

ጨርቃ ጨርቁ በደርግ ዘመን ነው የተሠራው። ከወረኢሉ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከባቲ፣ ከየአቅጣጫው ሰው መጣ። ሰፈራችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ በረድፍ የተሠራ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ወዲያ ሆነን «ይማርህ» እንላለን። ውሃ ከቦኖ ነው። ሽንት ቤት ለረድፉ ሁሉ አንድ ነው፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፋብሪካው በሦስት ሺፍት ይሠራ ነበር፣ ስምንት ስምንት ሰዓት። ሺፍቱ ደግሞ ይዞራል። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት የተኛ ሰው አለ። እኛ ልጆች ስንጮህ የሚወርድብን ቁጣ ሁሌም አንድ ነው፣ «ዝም በሉ፣ ሌሊት የሠራ ሰው አለ!»

በር ላይ ነጭ ብጣሽ ጨርቅ ከታሰረ ሰው ተኝቷል ማለት ነው። እዚያ በር ፊት ኳስ የለም። ቡና የምትወቅጥ ሴት እንኳ ሙቀጫዋን ተሸክማ ወደ ረድፉ ሌላ ጫፍ ትሄዳለች። አስቡት፣ ሙቀጫ ተሸክማ! የማን እናት በዚህ ሳምንት ሌሊት ገቢ እንደሆነች፣ የማን አባት ከሰዓት እንደሚገባ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። የትምህርት ቤት ፕሮግራሜን እንኳ እንደዚያ አላውቀውም ነበር። ኳስ የምንጫወተው ወደ ቦርከና ወርደን ነው፣ ኳሱም ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ የክር ቁርጥራጭ ነው። ክር የሚጠቀለልበት ኮን ካገኘን ደግሞ ጡሩንባ ይሆናል፣ ግን ጡሩንባ ተነፍቶ የተኛ ሰው ከነቃ ያው ዱላ ነው።

እናቴ ሽመና ክፍል ነበረች። የሽመና ማሽን የትም አገር ይጮኻል፣ እዚያ ውስጥ በአፍ መነጋገር አይቻልም። ሴቶቹ የሚግባቡት በከንፈርና በእጅ ነው። እናቴ ታዲያ ይህን ነገር ይዛው ቤት መጣች። ቦኖው ጋ ጀሪካን አሰልፋ ቆማ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለች የሥራ ጓደኛዋ ጋር ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ሙሉ ሐሜት ትጨርሳለች። እኔ መሃል ቆሜ አንድ ቃል አይደርሰኝም። ድንገት ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ወላሂ በጣም ነበር የምናደደው። ጆሮዋ ላይ ጥጥ ትወትፍ ነበር፤ ማሽኑም ይሁን ዕድሜው እንጃ፣ ዛሬ ስልክ ስደውልላት ካልጮህኩ አትሰማኝም። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን ለሚስቴ በሹክሹክታ ያልኳትን ሳይቀር ትይዘዋለች። እሷ ባለችበት ምስጢር ማውራት አይሞከርም።

አባቴ ሹፌር ነበር፣ አሰብ መስመር፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና። ከዱብቲ ጥጥ ጭነው በሚሌና በባቲ አድርገው የሚገቡ መኪናዎችም ነበሩ፣ ሲያልፉ መንገዱ ዳር ያለው እሾህ ሁሉ ጥጥ ያፈራ ይመስላል። አባቴ ሲመጣ ቴምር አለ። ቴምር ካለ ጎረቤት ሁሉ አለ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፣ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እኛ ሰፈር አጠገብ የነበሩት ጎሚስታውም፣ ምግብ ቤቶቹም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የነበረችው ሻይ ቤትም አንድ በአንድ ዘጉ። ጥይት ሳንሰማ ነው ጦርነቱ ቤታችን የገባው። ከዚያ በኋላ ያቆመን የእናቴ ደመወዝና የሱቁ ዱቤ ደብተር ነው።

ስለ ዕድሩ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ዕድር ነበር። አውቃለሁ፣ ወሎ ሲነሳ ሁሌ የሚባል ነገር ነው፣ ሰምታችሁት ሰልችቷችሁ ይሆናል። ግን እኛ ጋ ያስተሳሰረው ግጥም አይደለም፣ ፔሮል ነው። የዕድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ የደመወዝ ቀን በሩ ጋ ይቆማል። ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ብሩ እንደማይገኝ ያውቃላ! አብሮ የሚሠራ፣ አብሮ የሚከፈለው፣ አብሮ ዱቤ ያለበት ሰው መቃብር አብሮ ቢቆፍር ምን ይገርማል?

ሰፈሩ በአንድ ቀን አልጠፋም። ጡረታ የወጣው ወጣ፣ ልጆቹም ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር ሄዱ። ቀጥሎ ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተባለ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ምትክ የተሰጠውም ያልተሰጠውም እቃውን ጭኖ ተበተነ። እናቴ አሁን ደሴ ናት፣ እህቴ ጋ። የዕድር መዋጮዋን ግን እስከ ዛሬ ለኮምቦልቻው ዕድር ነው የምትልከው፣ በቴሌብር። እዚሁ ደሴ ዕድር ግቢ ስንላት «እነዚህ መቼ ያውቁኛል» ትላለች።

በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በ2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ መጥቶ ፋብሪካዎቹ ሲዘረፉ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም። አሁን ኮምቦልቻ ስሄድ የማየው ወጣት ሴቶችን ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። አንዷን፣ የአክስቴን ግቢ ተከራይ፣ ቡና ላይ ዕድር ገብተሽ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። «ዕድር? እዚህ ልሞት ነው እንዴ?»

እኔም ሳቅኩ። በኋላ ለእናቴ ስነግራት ግን አልሳቀችም። እሷም ከወረኢሉ ስትመጣ ሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ ነበር ያሰበችው። ያስቀራት ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ደመወዙ ለኪራይም ለቀለብም ይደርስ ነበራ» አለችኝ፣ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር። ልጅቷ ደግሞ ኪራይ ከከፈለች በኋላ ለቤተሰብ የምትልከው እንደማይተርፋት ነግራኛለች፣ ሌላ ሥራ እየፈለገች ነው። መቆየት ሳይቻል ማን ዕድር ይገባል? ድንኳኑንስ ማን ይገዛል?

ያ ሰፈር ይመለስ እያልኩ አይደለም፣ በተለይ ያ ሽንት ቤት። ግን ፋብሪካ ሲመረቅ ሁሌ የሚነገረን ለስንት ሰው ሥራ እንደፈጠረ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ እዚያው እንዳለ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እሺ፣ ለዛሬ ይብቃኝ። እናቴ የምትደውልበት ሰዓት ደርሷል፣ ማይኩን ሳላጠፋ ከጮህኩ ጆሯችሁ ነው የሚጎዳው። ቻው።