ትልቅ ስኩተር ወይስ ሞተር? ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ያለችውን መንገድ ጠይቋት

(ምስል፦ ጅማ መርካቶ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ባጃጆች ውሃ ያቆረ ጉድጓድ እየዞሩ ያልፋሉ።)

እንደምን አደራችሁ የጅማ ልጆች። ከሌላ ከተማ የምታዩኝም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባጃጅ ስትጠብቁ ሥራ ረፍዶባችሁ "በቃ፣ የራሴን እገዛለሁ" ካላችሁ ይህ ቪዲዮ ለእናንተ ነው። ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል፦ ትልቁን ስኩተር ልግዛ ወይስ ሞተር? ትልቅ ስኩተር ስል ባለ 250 ወይም ባለ 300 ሲሲውን ነው። ወንበሩ ሰፊ፣ ፊት ለፊቱ የንፋስ መከላከያ ያለው። ሞተር ስል ደግሞ ከተማው ውስጥ በየመንገዱ የምናየውን፣ እነ ቦክሰርን፣ ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲውን ነው።

መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁ። በሰዓት ስንት ይሄዳል የሚለውን ተዉት። ከአስፋልቱ ተገንጥላችሁ ግቢያችሁ በር እስክትደርሱ ያለችውን መንገድ ግን በሐምሌ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ በእግራችሁ ሂዱባት። ምርጫውን የምትቆርጠው እሷ ናት።

(ምስል፦ የባጃጅ ሹፌር ግራ እጅ በቅርበት። እጀታውን ጠምዝዞ ማርሽ ሲቀይር።)

ከጎማ እንጀምር። ስኩተር ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ ባጃጅ ግን ተሳፍራችኋል። ባጃጅ ደግሞ የስኩተር የልጅ ልጅ ነው። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ቬስፓን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ ሲወጡበት እግር ማንሳት ያስቸግራል ይል ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ሸፈነው፣ ካቴናውን አስቀረው፣ እግርን ከጭቃ የሚከልል ቆርቆሮ ፊት ለፊት አቆመለት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከቬስፓ ላይ ባለ ሦስት እግር የጭነት ማመላለሻ ተወለደ፤ አፔ አሉት። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው፣ አፔ ደግሞ ንብ። በኋላ ባጃጅ የተባለው የሕንድ ድርጅት ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ እነዚህን ማምረት ጀመረ። ሹፌሩ በግራ እጁ እየጠመዘዘ ማርሽ ሲቀይር የምታዩት ከዚያ ከድሮው ቬስፓ የመጣ ነው።

ውርሱ ግን ከነችግሩ ነው። የባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች ነው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ወገባችን ያውቀዋል። "ስኩተር ጎማው ትንሽ ስለሆነ ለጅማ አይሆንም" የሚባለውም ከዚህ ነው።

እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቡ። የባጃጅ ጎማ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰምጣል። ባለ 17 ኢንች ቸርኬው ቦክሰር ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ትልቁ ስኩተርስ? ባለ 15 ኢንች ከሆነ 4 ተኩል እንኳን አይሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው! ምክንያቱም የትልቁ ስኩተር ጎማ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ቁመቱን ያካክሰዋል። ባለ 10 ኢንቹ ትንሽ ስኩተር ግን ከባጃጅ ብዙም አይሻልም። እሱን እርሱት።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ በብዙ ስኩተሮች ሞተሩ ከኋላ ጎማ ጋር አብሮ የተያያዘ ነው። ጎማው ሲዘል ያ ሁሉ ብረት አብሮ ይዘላል፣ ሾኩም አጭር ነው። ኮብልስቶን ላይ ጀርባችሁ ይቆጥረዋል። ዋናው ነገር ግን ጭቃ ነው።

(ምስል፦ የፊት ጎማ በቅርበት። ቀይ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቋል።)

ባለፈው ክረምት የጓደኛዬን ስኩተር ተውሼ ወደ ጅሬን በኩል ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ነገሥታት የተቀመጡበት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ከዚያ ወደ አንድ ዘመዴ ቤት የሚያስገባውን የአፈር መንገድ ያዝኩ። መቶ ሜትር አልሄድኩም። የፊት ጎማው መዞር አቆመ። ስወርድ አየሁት። ቀዩ ጭቃ እንደ ሊጥ ተለውሶ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ገብቷል። ጣት የምታስገባ ክፍተት የለም። ከአጥር ሥር እንጨት ለቅሜ ፋቅሁት፣ አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ እንደገና ቆመ። ገፍቼ ልመልሰው ብል ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል፤ እግሬ መርገጫ አጣ። ሁለት ልጆች ባያግዙኝ እዚያው ባደርኩ። ቦክሰር ቢሆን ወደ 120 ኪሎ ነው። ፓራፋንጎውም ራቅ ያለ ነው። ይንሸራተታል እንጂ አይታሰርም።

የጅማ ዝናብ ደግሞ የሁለት ወር እንግዳ አይደለም። መጋቢት ላይ ይጀምርና ጥቅምት ድረስ ይቆያል። ከዓመቱ ግማሽ በላይ ጭቃ አለ ማለት ነው።

ሌላው ቁልቁለት ነው። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ስትወርዱ በሞተር ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጁን ስትለቁ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል። የዛሬው ስኩተር ግን እንደ ድሮው ቬስፓ በእጅ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ኃይሉ የሚሄደው በቺንጋ ነው፤ ፍሪሲዮኑም በራሱ የሚይዝና የሚለቅ ነው። ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ስኩተሩ ነጻ ይሆናል። ያኔ የቀራችሁ ፍሬን ብቻ ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለስኩተሩ ፍትሕ ልስጠው፦ ብዙዎቹ ትልልቅ ስኩተሮች ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርግ ኤቢኤስ አላቸው። ብዙው ቦክሰር የፊቱም የኋላውም የሸራ ፍሬን ነው።

(ምስል፦ ፈረንጅ አራዳ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር አስቀምጣ ትነሳለች።)

ለእህቴ ግን ስኩተር ግዢ ያልኳት እኔው ነኝ። ቤቷ ኮብልስቶን ዳር ነው፣ መሥሪያ ቤቷ አስፋልት ዳር። ቀሚስ ትለብሳለች፤ በሞተር ላይ እግር አንስቶ መሻገር ለእሷ ጣጣ ነው። ዝናብ ሲመጣ የፊት መከላከያው ጉልበቷን ይሸፍናል፤ ጫማዋ እንዳማረበት ትገባለች። ከወንበሩ ሥር ሄልሜትና የዝናብ ልብስ ይገባል። ዳስካኒዮ ያሰበው ሰው እንደ እሷ ዓይነቱን ነው።

ሰርቦ ወይም አጋሮ ድረስ እየተመላለሳችሁ የምታስተምሩ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩም ትልቁን ስኩተር አትናቁት። አይሱዙ በአጠገባችሁ ሲያልፍ የሚመጣውን ንፋስ ክብደቱ ይችለዋል። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከ15 በመቶ ያላነሰ ያጣል። ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይሰማዋል። ለባለ 300 ምንም አይደለም።

ቤንዚን? ቦክሰሩ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ትልቁ ስኩተር 3 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ማደያ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የአንድ ሊትርን ዋጋ ያውቃል።

መለዋወጫ ላይ ግን ቆም በሉ። የቦክሰር ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ እዚሁ መርካቶ አለ። ጎሚስታውም መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ካቴናው በክረምት ጭቃ ስለሚበላው ቶሎ ቶሎ ማጠብና ዘይት መቀባት የእናንተ ሥራ ነው። የስኩተር ቺንጋ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። በብዙዎቹ 20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። ግን በድንገት ከተበጠሰ መንገድ ላይ ቀራችሁ፤ ቺንጋው ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ስኩተሩ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ስኩተር የምትገዙ ሰዎች፣ በገዛችሁበት ቀን ትርፍ ቺንጋ አብራችሁ ግዙ። እለምናችኋለሁ።

መንጃ ፈቃዱና የሦስተኛ ወገን መድኑ ለሁለቱም ያስፈልጋል። ሄልሜትም እንደዚያው፤ ከያዛችሁት ገንዘብ ላይ አስቀድማችሁ ቀንሱለት። በትክክል የታሰረ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ወደ 40 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ ያስፈልጋል።

(ምስል፦ ሞተሩ የጠፋ ስኩተር። አንድ ሰው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሊገፋው ይሞክራል።)

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሻጩን "ሞተሩን አጥፋልኝ" በሉት። ከዚያ ብቻችሁን፣ ማንም ሳያግዛችሁ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ግፉት። ተንበርክካችሁም የፊት ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ጣታችሁን አስገቡ። ስንት ጣት ገባ? አሁን ያቺን ሐምሌ ላይ በእግራችሁ የሄዳችሁባትን መንገድ አስታውሱና ክፈሉ።