ከደወሉ በፊት የተሰረቀ ፍልሚያ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የቀድሞ ቦክሰኞች፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ የዳኝነት የምስክር ወረቀታችሁን የተቀበላችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ዳኝነት ሥነ ምግባር እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ጥሩ ርዕስ ነው። ግን ኮርሱ ላይ ጠግባችሁታል። ጠንካራውን ቡጢ ከሚነካካው ለዩ፣ ዙሩ እንዳለቀ ነጥባችሁን ጽፋችሁ ስጡ፣ የተመልካቹን ጩኸት አትስሙ ተብላችኋል። እኔ የምጨምርበት የለኝም። የመጣሁት ሌላ ነገር ልናገር ነው። ከብዙዎቻችሁ ጋር ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ጉዳይ ነው። ዛሬ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ስለሆነ ሳልጨርስ አልወርድም።

የምለው ይሄ ነው። በፕሮፌሽናል ቦክስ ትልቁ ሌብነት የሚያልቀው ደወሉ ከመደወሉ በፊት ነው። ደረጃ በሚወጣበት ወረቀት ላይ ነው። ማን አንደኛ ነው፣ ማን አስራ አምስተኛ ነው፣ ማን ከነጭራሹ የለም፤ ይህን የሚጽፈው እጅ የቀረውንም አብሮ ይጽፈዋል።

እስቲ እናንተ ላይ ከሚደርሰው ልነሳ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ማርች 1999፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ሌኖክስ ሉዊስ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ። ወጣቶቹ ያኔ አልተወለዳችሁም ይሆናል። እኛ ግን እንቅልፍ አጥተን ያየነው ነው። ሉዊስ ግራ እጁን እንዳሻው ሲያስገባ አመሸ። መጨረሻ ላይ አቻ ተባለ። አንዱ ዳኛ 116 ለ113 ለሉዊስ ሰጠ። ሁለተኛው 115 ለ115 አለ። ሦስተኛዋ 115 ለ113 ለሆሊፊልድ ሰጠች። አምስተኛውን ዙር፣ ሉዊስ ሰውየውን ገመዱ ላይ አስደግፎ ሲወቅጠው የነበረውን ዙር፣ ለሆሊፊልድ ነበር የጻፈችው።

ዓለም በሙሉ ሴትየዋ ላይ ወረደባት። ልክ አልነበረችም፣ እሺ። ገንዘብ ወስዳለች ግን አልልም፤ ያን ያረጋገጠ የለም። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ማን አስቀመጣት ብሎ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው። ሦስት የዓለም ሻምፒዮን ቀበቶ ነበር የቀረበው፤ ቀበቶውን የሚሰጡትና ደረጃ የሚያወጡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲና አይ ቢ ኤፍ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዳኛ አመጡ። እሷ የአይ ቢ ኤፍ ነበረች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአይ ቢ ኤፍ ፕሬዚዳንት ቦብ ሊ ደረጃ በጉቦ ሸጠሃል ተብሎ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ። የዳኛዋን ስም ሁሉም ያውቀዋል። የመዳቢዎቿን ኮሚቴ ስም የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

አየህ፣ ማንም የለም።

ድርጅቶቹ አራት ናቸው። ደብሊው ቢ ኤ ሥሩ 1921 ላይ ነው፣ አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ1962 ነው። ደብሊው ቢ ሲ በ1963 ተቋቋመ። አይ ቢ ኤፍ በ1983 መጣ፤ ይኸው ቦብ ሊ በደብሊው ቢ ኤ ምርጫ ተሸንፎ ወጥቶ የመሠረተው ነው። ደብሊው ቢ ኦ በ1988 ተከተለ። አንዱ ሲኮርፍ ሌላ ዓለም ሻምፒዮን ይፈጠራል ማለት ነው። ደብሊው ቢ ሲን ሆሴ ሱላይማን ከ1975 ጀምሮ በ2014 እስኪሞት መራው፣ ከዚያ ልጁ ተረከበ። ደብሊው ቢ ኤንም አባት መርቶ ለልጅ አስረክቧል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እነዚህ ግን መቼ ይሻራሉና ነው የሚቆጫቸው!

ገንዘቡ እንዲህ ነው የሚሄደው። ለቀበቶ የሚፋለም ቦክሰኛ ከሚከፈለው 3 በመቶ ያህል ለድርጅቱ ይሰጣል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ካገኘ 30 ሺህ መሆኑ ነው። ሁለት ቀበቶ ካለ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ አራት ካለ አራት ቦታ። ስለዚህ ቀበቶ በበዛ ቁጥር ገቢው ይበዛል። አንድ የክብደት ሚዛን ላይ አንድ ሻምፒዮን በቃን የሚል ድርጅት ራሱን ያስርባል። ለዚህ ነው ደብሊው ቢ ኤ ሱፐር ሻምፒዮን፣ መደበኛ ሻምፒዮን፣ ጊዜያዊ ሻምፒዮን እያለ በአንድ ሚዛን ሰው ሲደረድር የኖረው። በ2021 ሚኒያፖሊስ ላይ ገብርኤል ማኤስትሬ የሚባል፣ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሦስት ጊዜ ብቻ የተፋለመ ልጅ፣ ለጊዜያዊው ቀበቶ ከማይክል ፎክስ ጋር ቀረበ። ፎክስ በሁለተኛው ዙር ጣለው። በነጥብም ይመራል ብለን አየን። አንዷ ዳኛ 117 ለ110 ለማኤስትሬ ሰጠች። ጩኸቱ ሲበረታ ድርጅቱ ጊዜያዊ ቀበቶዎችን አጠፋለሁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው ብቅ አሉ። ዳኛዋ ተወቀሰች፣ ትወቀስ። ግን ሦስት ፍልሚያ ያለውን ልጅ ለዓለም ቀበቶ ያበቃው ማነው? ደረጃ አውጪው ነው።

አሁን ስለ ዳሪን ሞሪስ ልንገራችሁ። የሰማችሁትም ድገሙት፣ ይደገማል።

ዳሪን ሞሪስ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነበር፣ ሱፐር ሚድል ሚዛን። ደብሊው ቢ ኦ ዘንድ ሰባተኛ ነበር። ኦክቶበር 2000 ላይ ታመመና ሞተ። ነፍስ ይማር። ወራት አለፉ። በ2001 መጀመሪያ አዲሱ የደረጃ ዝርዝር ወጣ። ሞሪስ አምስተኛ ሆኗል። ልብ በሉ፣ ከዝርዝሩ ሳይወጣ ቀረ አይደለም የምላችሁ። እሱስ የቢሮ ስንፍና ነው፣ ይደርሳል። ሰውየው ከሞተ በኋላ አደገ! ጂም አልገባም። ሚዛን ላይ አልወጣም። ማንንም አልመታም፣ ማንም አልመታውም። ደረጃው ግን ወደ ላይ ነው።

እኔ ያን ስብሰባ ሁሌ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። አንዱ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ያነባል። «ይሄ ሞሪስ እንዴት ነው?» ይላል። ሌላው፣ «ደህና ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ሽንፈት የለበትም» ይላል። «በሉ ደረጃ ጨምሩለት።» እናንተም ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ድርጅቱ በኋላ መሞቱን አልሰማንም ነበር አለ። እሺ፣ አልሰማችሁም። ግን ምን አይታችሁ ነው ያሳደጋችሁት? ለዚህ መልስ የለም። ሰውየው በሕይወት ቢኖርም በዚያው ሁኔታ ነበር የሚያሳድጉት፣ ሳያዩት። ሞቱ ያጋለጣቸው ዝርዝሩን ሲያወጡ ቦክስ እንደማያዩ ነው።

ከሰባት ወደ አምስት ሲወጣ ደግሞ ቦታው የሚገባቸው ሕያዋን ሰዎች ታልፈዋል። ጠዋት ተነስተው የሚሮጡ፣ ከንፈራቸው የተሰፋ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች። የደረጃ ቁጥር ለቦክሰኛ እንጀራ ነው። ከአስራ አምስት ውጪ ከሆንክ ሻምፒዮኑ ቢፈልግህም ለቀበቶ አትቀርብም። አንደኛ ከሆንክ ሻምፒዮኑ ባይፈልግህም ይገጥምሃል። በዚህ መካከል ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ዋጋ አለው። ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ በር ተዘግቶ ሲታደል ሻጭና ገዢ አያጣም።

ገዢ ነበረ ወይ? ነበረ። በ1995 ጆርጅ ፎርማን 46 ዓመቱ ነው፣ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ይዟል። አክሰል ሹልትዝ ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ሊጋጠም ተፈለገ። ሹልትዝ በድርጅቱ ደረጃ ውስጥ ለቀበቶ የሚያበቃ ቦታ አልነበረውም። ፕሮሞተሩ፣ ማለትም የፍልሚያው አዘጋጅ፣ ቦብ አረም በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ በመሐላ እንደመሰከረው፣ ያ ፍልሚያ እንዲፈቀድ 100 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ሹልትዝ ደረጃ አገኘ። ፍልሚያው ላስ ቬጋስ ተካሄደ፣ ፎርማን በነጥብ አሸነፈ ተባለ፣ ተመልካቹ ግን ጮኸ። ያ ሁሉ የዳኞቹ ጥፋት ነው ብለን ስንት ዓመት አወራን? የፍልሚያው ዋጋ ተቆርጦ ያለቀው ቢሮ ውስጥ ነበር።

የቦብ ሊ ችሎት ላይ የድርጅቱ የደረጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ሰው ራሱ ለመንግሥት መሰከረ። ሆቴል ክፍል ውስጥ በድብቅ ካሜራ የተቀረጸ የገንዘብ መቀባበል ታየ። እና ምን ሆነ? ከዋናዎቹ የሴራ ክሶች ነፃ ወጣ። በገንዘብ ማጠብ፣ ግብር በማጭበርበርና በመሰል ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። 22 ወር ተፈረደበት። ጎዳና ላይ የተጣላ ቦክሰኛ ከዚህ የበለጠ ይታሰራል!

ተሳስተን ነው ማለትም አለ። ግራቺያኖ ሮኪጃኒ በ1998 በርሊን ላይ ማይክል ነንን አሸንፎ የደብሊው ቢ ሲን የላይት ሄቪ ቀበቶ ወገቡ ላይ ታጠቀ። በድርጅቱ ዝርዝርም ሻምፒዮን ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ የቀድሞው ባለቀበቶ ሮይ ጆንስ ቀበቶው የኔ ነው ሲል ድርጅቱ ምን አለ መሰላችሁ? ሮኪጃኒ ሻምፒዮን ተብሎ የተጻፈው የትየባ ስህተት ነው፣ ጊዜያዊ ለማለት ነው። የትየባ ስህተት! ሰውየው 12 ዙር ተደብድቦ ያገኘውን ጸሐፊዋ ጣቷ ስቶ ነው አሉት። ከሰሳቸው። በ2002 ኒው ዮርክ ላይ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈረደለት። ድርጅቱ ወዲያው ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ፣ ኋላ በስምምነት አለቀ። ሮኪጃኒ ጠበቃ የሚያቆም አቅም ነበረው። የሌለው ስንቱ ነው?

የራሴንም ልበል፣ አጭር ነው። አብሬው የሠራሁት ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ድርጅቱንም አልጠራም። አስራ አንደኛ ተብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ወር አልተፋለመም፣ አልተሸነፈም፣ ከዝርዝሩ ጠፋ። ደብዳቤ ጻፍን። «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ያ ነው መልሱ። ልጁ አሁን ሹፌር ነው።

እናንተ አዲሶቹ ዳኞች፣ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። ለቀበቶ ፍልሚያ ስትመደቡ የአውሮፕላን ትኬታችሁን፣ ሆቴላችሁንና አበላችሁን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ፕሮሞተሩ ነው። ያው ፕሮሞተር ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቦክሰኞች የአንዱን ውል የያዘ ነው። መዳቢያችሁ ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ከፍልሚያው መቶኛ የሚቆርጥ ነው። ማንም ጉቦ አይሰጣችሁም፣ አያስፈልግም! የሚቀጥለው ወር ፍልሚያ ላይ ትጠራላችሁ ወይስ አትጠሩም፣ እሱ ይበቃል። አንድ ሰው ከሳሽም ዳኛም ገንዘብ ያዥም ሆኖ ንጹሕ ነኝ ሲለን ጭብጨባ ነው እንዴ የሚጠብቀው? እኔ በበኩሌ አላጨበጭብም!

ተስፋ የለም አላልኩም። ፌብሩዋሪ 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ማይክ ታይሰንን በአስረኛው ዙር ዘረረው። የታይሰን ፕሮሞተር ዶን ኪንግ በስምንተኛው ዙር ዳግላስ ሲወድቅ ቆጠራው ዘገየ ብሎ ተነሳ። ደብሊው ቢ ኤና ደብሊው ቢ ሲ ውጤቱን አናጸድቅም ብለው ያዙት። ዓለም በዓይኑ ያየውን ዝረራ! ሕዝቡም ጋዜጠኛውም እሪ አለ። በቀናት ውስጥ ተመለሱ። እፍረት የሚያውቁት ሰው ሲያያቸው ብቻ ነው። ደረጃ ሲያወጡ ማንም አያያቸውም።

ስለ ሕጉ ትጠይቁኛላችሁ። በ2000 አሜሪካ በመሐመድ አሊ ስም የወጣ የቦክስ ማሻሻያ ሕግ አለ። ድርጅቶች የደረጃ መስፈርታቸውን እንዲያሳውቁ ያዛል። ጥሩ ነው። ከአሜሪካ ውጪ ግን አይሠራም፣ አገር ውስጥም ሲያስፈጽሙት ብዙ አላየንም። ስለ አማተሩ ደግሞ ዛሬ አልገባም፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ2023 ዓለም አቀፉን የአማተር ቦክስ ማኅበር እውቅና መንሳቱ ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደረጃ ሲወጣ የኮሚቴው አባላት ስምና እያንዳንዱ የሰጠው ድምፅ አብሮ ይውጣ። አንድ ሰው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ። የዳኞች ወጪ ከፕሮሞተሩ እጅ ወጥቶ ፍልሚያውን በሚቆጣጠረው የቦክስ ኮሚሽን በኩል ይከፈል። ዳኛም በዕጣ ይመደብ።

ይህን የያዘ ለአራቱም ድርጅቶች የተጻፈ ደብዳቤ በመውጫው በኩል ጠረጴዛው ላይ አለ። ሁለት ገጽ ነው፣ አንብቡት። የተስማማችሁ ስማችሁንና የሥራ ድርሻችሁን ጻፉበት፣ ያልተስማማችሁ ደግሞ ምን እንዳልጣማችሁ ጠርዙ ላይ ጻፉልን። ከምሳ በኋላ ይላካል። አመሰግናለሁ።